ከግሸን እስከ መቅደላ፤ በሥዕል የሚነበቡ መጻሕፍት

ባለፈው ክረምት በምንሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመዝገብ ቤት ወጣቶች አንዱ በሥዕል የተተረከ ታሪክ፤ ማለት በዛሬ አነጋገር «ኮሚክ» የሚባለውን ዐይነት መጽሐፍ፤ በሻይ ሰዓት ይዞ ይመጣል። እርሱ አንብቦ ጨርሶት ኖሮ «ይህን ሳታይ እንዳትውል» ብሎ ለጓደኛው ያቀብለዋል፤ ጓደኛውም በበኩሉ ሌላ አውጥቶ «አንተ ደግሞ ይህን እይልኝ» ይለዋል። ሳምንት ሳይሞላ የተራ ጠባቂዎቹ ስም በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ተገኘ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ከስድስቱም አንዷ ከሒሳብ ክፍል ቁጥር ስትደምር እንጂ ሌላ ነገር ስታነብ አይተናት የማናውቅ ባልደረባችን ነበረች።

በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡን አንድ ሰው ይህን ባዩ ጊዜ ደስ አላላቸውም። «የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው እንደ ሕፃን ሥዕል ሲያገላብጥ ይውላል?» ብለው ጠየቁ። ልጁም አፈር ብሎ፤ «ጋሼ፤ አንድ ገጽ ብቻ ይመልከቱልኝና ከዚያ በኋላ ይፍረዱብኝ» አላቸው። እርሳቸው ግን መጽሐፉን ሳይነኩ፤ «የአባቶቻችን መጽሐፍ ቃል ነው። ታሪክን በሥዕል ማንበብ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር ነው» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

እኛ ከዳር ተቀምጠን ስንሰማ የመጀመሪያው ተግሣጻቸው ብዙም አልገረመንም፤ የሥራ ሰዓት የሥራ ነውና። ሁለተኛው ቃላቸው ግን ከነከነን። ያደግነው በቦረና፤ በመካነ ሰላም ከተማ ነው፤ ከዚያም አገር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ አምባ መቅደላ ይገኛል፤ ከመቅደላም ወደ ሰሜን በአምባሰል ግሸን አለ። በነዚህ በሁለቱ አምባዎች ላይ የተቀመጡትን መጻሕፍት ታሪክ የሚያውቅ ሰው «በሥዕል ማንበብ ከውጭ የመጣ ነው» ለማለት ይቸግረዋል። መልሱን በዚያው ቀን ለመናገር ዕውቀቱም ድፍረቱም አልነበረንም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች እንጽፈዋለን። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት «በአውሮፓ አቆጣጠር» ካላልን በቀር በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

በአውሮፓ ስለ ኮሚክ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከአንድ የጄኔቭ ከተማ መምህር፤ ከሮዶልፍ ቶፕፈር ነው። ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. በተከታታይ ክፍሎች የተሣለና ከየሥዕሉ ግርጌ ጥቂት ቃል የተጻፈበት አስቂኝ ታሪክ አሳትሞ ነበር። ለሥነ ጥበቡም የሚሰጡት ትርጓሜ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ሥዕል ሌላውን ተከትሎ ሲሄድ፤ ያው አንድ ሰው በየክፍሉ እየተመላለሰ ሲታይ፤ ቃሉም ሥዕሉን ሲረዳው ያ ሥራ ኮሚክ ይባላል። ትርጓሜው ይህ ከሆነ፤ የኛን ብራናዎች ከቶፕፈር በፊት በዚሁ ሚዛን ብንመዝናቸው ምን ይገኛል?

ከተአምረ ማርያም እንጀምር። ይህ መጽሐፍ ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ፤ በምሥራቅ ክርስቲያኖች ዘንድ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ፤ ከዐረብኛም በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ወደ ግእዝ የተተረጐመ ነው። ቀጥለውም ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፤ በእመቤታችን በዓላት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዐት አደረጉለት። ለዐፄ ዳዊት የተጻፈውና ከታወቁት የተአምረ ማርያም ቅጂዎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው መጽሐፍ የሚገኘው በግሸን ማርያም ነው፤ ባለ ሥዕል ነው፤ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ገጽም አለው። ስለዚህ ይህ ዐይነቱ መጽሐፍ ከአገራችን ሲገባ፤ ገና ከጥንቱ፤ ቃልና ሥዕል አንድ ላይ ሆነው ገቡ ለማለት ይቻላል።

ከተአምራቱም መካከል ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በቅምር አገር የነበረው ይህ ሰው ቤተ ሰቡን ጭምር 78 ነፍስ በልቶ በመንገድ ሲሄድ አንድ ቍስለኛ ለማኝ ውኃ ለመነው፤ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ቢለምነው እንቢ አለ፤ ስለ ማርያም ባለው ጊዜ ግን አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ ኀጢአቱና ያች ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተቀመጡ፤ ጥርኟም ውኃ በእመቤታችን ረድኤት መዘነች። ሠዓሊው ይህን ታሪክ እንዴት አድርጎ ያቀርበዋል? ብዙውን ጊዜ አንዱን ገጽ በመስመር ይከፍለውና፤ በአንደኛው ክፍል ሰውየው ሲበላ፤ በሁለተኛው ለማኙ እጁን ሲዘረጋ፤ በሦስተኛው ሚዛኑ ሲሰቀል ያሳያል። በሁሉም ክፍል የሚታየው ያው በላዔ ሰብእ ነው፤ ተመልካቹ እንዳይሳሳት ሠዓሊው በልብሱና በመልኩ ምልክት ያደርግለታል። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ይዞት የመጣውም መጽሐፍ የሚሄደው በዚሁ ሥርዐት ነው።

ቃሉስ? ከሥዕሉ በላይ ወይም ከጐኑ፤ አንዳንድ ጊዜ በቀይ ቀለም፤ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር ጽሑፍ ይገኛል። «ዘከመ» ማለት «እንዴት እንደ» ማለት ነው፤ እንዴት እንደ ወለደች፤ እንዴት እንደ ሰቀሉት፤ እንዴት እንደ ታረቁ። የተማረው ሰው ቃሉን አንብቦ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፤ ያልተማረው ደግሞ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን ከሌላ ሰው ይጠይቃል። ላልተማረው ደግሞ የተለየ ፊደል ተበጅቶለታል። ጻድቃኑ ሁለቱም ዐይኖቻቸው እንዲታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹና አጋንንቱ ግን አንድ ዐይን ብቻ እንዲታይ በጐን ይሣላሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቍር ፈረስ ይቀመጣሉ። ሀ ሁ ያልቈጠረ እረኛ እንኳ ይህን ያህሉን ካወቀ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደ ሆነ ሳይነገረው ይለያል። ከዚህ የበለጠ ንባብን ለብዙ ሰው ያካፈለ ዘዴ እኛ አናውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አነባበቡ ጥቂት ብንጨምር አንባቢ ይታገሠናል። ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ከብራናው ራስጌ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይሰፋል፤ የሥዕሉ መጋረጃ ነው። ጥቅሙ ቀለሙ በሌላው ገጽ እንዳይታሽ ነው፤ ነገር ግን በልጅነታችን ቄሱ መጋረጃውን ገለጥ ባደረጉ ቍጥር የምናደርገውን እናስታውሳለን። ከኋላ የቆመው በፊተኛው ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሴቶች ወገን አንዷ «ምንድር ነው? ምንድር ነው?» ትላለች፤ ያየ ላላየው ይነግራል፤ ሲነግርም ይጨምርበታል። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ለኪዳነ ምሕረት፤ የካቲት 16 ቀን፤ እንደሚነበብ የሚያውቁ ልጆች ገና በዋዜማው ላላዩት ጓደኞቻቸው «ነገ ሰው የሚበላው አለ» እያሉ ያወሩ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ በሻይ ሰዓት «ይህን ሳታይ እንዳትውል» ሲባባሉ ስንሰማ የታወሰን ያ ዋዜማ ነው።

ሊቃውንቱና መኳንንቱም በበኩላቸው መጽሐፍ ይጠቋቈሙ ነበር፤ የነርሱ መጠቋቈሚያ ግን ማስገልበጥ ነው። በአንድ ደብር ያማረ መጽሐፍ ያየ ሰው ለራሱ ደብር ሊያስገለብጠው ይመኛል፤ መጽሐፉ በዋስ ይወጣል፤ ጸሓፊው ቃሉን፤ ሠዓሊው ሥዕሉን ይገለብጣል። እንዲህ እየሆነ አንድ የሥዕል አሳብ ከደብር ወደ ደብር፤ አንዳንድ ጊዜም ከባሕር ማዶ ይመጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1591 ዓ.ም. በሮም ከተማ በዐረብኛ የታተመ አንድ ወንጌል ነበር፤ በውስጡም አንቶንዮ ቴምፔስታ የሚባል ኢጣልያዊ የሠራቸው ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አርአያ አደረጉት። ነገር ግን እንዲሁ አልገለበጡትም፤ ጥላና ብርሃኑን ትተው በደማቅ ቀይና ቢጫ ቀቡት፤ ሰዎቹንም የአገራቸውን መልክና ልብስ ሰጡአቸው። አርአያው የሮም ቢሆንም ከብራናው ላይ የወጣው የጎንደር ሆነ። ስለዚህ «ከፈረንጅ የመጣ» የሚለው ነቀፋ፤ እውነት በሚሆንበት ስፍራ እንኳ፤ ነቀፋ መሆኑ ይቀራል።

በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፤ ከ1723 ዓ.ም. ወዲህ፤ ይህ ሥራ እጅግ በለጸገ። እቴጌይቱ በጎንደር ቍስቋምን፤ በጣና ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩ ናቸው፤ በናርጋም ግድግዳ ላይ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። በመጻሕፍቱም ውስጥ ያስጻፈው ሰው እንዲሁ በሥዕሉ ግርጌ ሲሰግድ ይገኛል፤ ከጐኑም ስሙ ይጻፋል። መጽሐፉን ወዶ ያስጻፈ ሰው ራሱ ከታሪኩ ውስጥ ገብቶ መቀመጡን የዛሬዎቹ የኮሚክ ወዳጆች ቢሰሙ ይቀኑ ይመስለናል።

አሁን ወደ መቅደላ እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ በ1848 ዓ.ም. መስከረም ወር መቅደላን ያዙ። ዙሪያውን ገደል የሆነው ይህ አምባ ግምጃ ቤታቸውና ወህኒ ቤታቸው ሆነ፤ በኋላም የመጻሕፍት ቤታቸው ሆነ። በአምባው ላይ በመድኃኔ ዓለም ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማቆም አስበው ስለ ነበር፤ ለዚሁ የሚሆኑ መጻሕፍት ከየስፍራው፤ ይልቁንም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፤ ተሰበሰቡ። ቍጥራቸውም ወደ 1000 ይደርስ ነበር ይባላል። ማተሚያ ባልነበረበት አገር አንዱ መጽሐፍ በአንድ ጸሓፊ እጅ ወራት እንደሚፈጅ ለሚያስብ ሰው ይህ እጅግ ታላቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን መሸፈን ይሆንብናል። እነዚያ መጻሕፍት ሁሉ በፈቃድ የተሰጡ አይደሉም። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ የየደብሩ ካህናትም በመጻሕፍታቸው መጨረሻ «የሰረቀ፤ የፋቀ፤ የቀማ፤ የተወገዘ ይሁን» ብለው ያስጻፉት ግዝት ለውጭ ሰው ብቻ የተጻፈ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስን ስለ አንድነት አሳባቸው እናከብራቸዋለን፤ በአወጣጣቸውም በአሟሟታቸውም እንኰራለን። ሆኖም የጎንደር ልጆች መጽሐፋቸውን በእንግሊዝ እጅ ሳይሆን በመጀመሪያ በወገናቸው እጅ እንዳጡት የምንጽፈው ብዕራችን እየከበደን ነው። ዓላማቸው መጻሕፍቱን በአንድ ስፍራ አከማችቶ ማስነበብ ነበር ብለን ብንከራከርላቸው ይቻላል፤ ዳሩ ግን አንድ ስፍራ የተከማቸ ሀብት በአንድ ቀን ይጠፋል፤ የሆነውም ይኸው ነው።

የጦርነቱን ምክንያት አንባቢ ያውቀዋል፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዝ ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፤ ጄኔራል ሮበርት ናፒየርም ወደ 13000 የሚሆን ጦር ይዞ በዙላ ወረደ። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፤ በዕለተ ስቅለት፤ በአሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ወደቁ። በሚያዝያ 6 ቀን፤ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፤ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በስፍራው የነበረው የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ በመጽሐፉ ተርኮታል። ወታደሩ ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በረበረ፤ ዘውዱ፤ ጽዋው፤ መስቀሉ፤ አልባሳቱ፤ መጻሕፍቱ በሜዳው ተበተኑ። ቀጥሎም አምባው ተቃጠለ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ፤ በሽሎን ተሻግሮ፤ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። እዚያም ሚያዝያ 13 ቀንና በማግሥቱ የሐራጅ ገበያ ተደረገ፤ ገንዘቡም፤ ወደ 5000 ፓውንድ የሚሆነው፤ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹም ዋነኛው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምዝ ነበር፤ ለዚሁ ተብሎ 1000 ፓውንድ ይዞ ከጦሩ ጋር መጥቶ ነበርና።

በዚያ ሜዳ ላይ ስለ ቆሙት ሌሎች ገዢዎች ብዙ ጊዜ አስበናል። ግእዝ የማያውቅ መኰንን ከመጻሕፍት ክምር መካከል አንዱን ሲመርጥ በምን ይመርጣል? ሌላ መንገድ አይታየንም፤ የብራናውን ገጽ ገልጦ፤ መጋረጃውን አንሥቶ፤ በሥዕሉ መሆን አለበት። ላልተማረው እረኛ እንዲገባው ተብሎ የተሣለው ሥዕል ለማራኪውም ገባው። ሥዕል ቋንቋ ሳይጠይቅ ለሁሉ መናገሩ በግሸንና በጎንደር ጥቅሙ ነበረ፤ በደላንታ ግን ጠላቱ ሆነበት እንላለን። ይህ ግምታችን ነው፤ ነገር ግን ከመቅደላ ከወጡት መጻሕፍት መካከል እጅግ ያማሩት ስድስቱ ዛሬ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት መገኘታቸው ግምታችንን የሚያጠናክርልን ይመስለናል። ወደ 350 የሚሆኑት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን አሳተመ፤ ሌሎችም በየዩኒቨርሲቲውና በየሰዉ እጅ ተበተኑ። ለመጫን የከበዱት ብዙዎቹ በመመለሻው መንገድ በትግራይ በጨለቆት ሥላሴ ተተዉ።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ ወር 1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንደኛው ክብረ ነገሥት፤ ሁለተኛው ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይሄዱ የነበረው «ኰርዐተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል ነው። ክብረ ነገሥት በሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ተገኝቶ ነበርና አንዱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ፤ ለምን እንዳልተገኘ ቈይቶ ታወቀ፤ ለካስ ሆምዝ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. በለንደን በሐራጅ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ወደ ፖርቱጋል ሄደ። አንድ የሙዚየም ሰው መንግሥት ለላከው ሥራ 1000 ፓውንድ ተቀብሎ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ ለገዛ ቤቱ ማስቀረቱን ስናነብ፤ የአገራችን ደብተራ ምን ስም ያወጣለት ነበር እያልን ጥቂት መሣቃችን አልቀረም፤ ምንም እንኳ ነገሩ የሚያሥቅ ባይሆን።

ሌላው የሚያሳዝን ታሪክ የሌዲ ምዩክስ ነው። ይህች ባለጸጋ እንግሊዛዊት ከመቅደላ የወጡ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ነበሩአት፤ ወዳጅዋ ዋሊስ በጅ ከነሥዕሎቻቸው እያዘጋጀ በአማረ ኅትመት አወጣላት፤ ከነዚህም አንዱ ተአምረ ማርያም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. ስትሞት መጻሕፍቱ ለዐፄ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዝዛ ተገኘች። ከዚያ ሁሉ ገዢ መካከል መጽሐፉን አንብባ ወድዳ ለባለቤቱ መመለስ እንደሚገባ የተረዳች አንዲት ሴት ነበረች ማለት ነው። ነገር ግን ኑዛዜዋ አልተፈጸመም፤ መጻሕፍቱ ተሸጡ፤ በአሜሪካዊው ባለ ጋዜጣ በዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት እጅም ገቡ። ኸርስት ደግሞ፤ ነገር ሲገጥም እንዲህ ነው፤ በጋዜጦቹ ላይ ኮሚክ እያሳተመ ለአሜሪካ ሕዝብ ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ነው። የኛ የሥዕል ታሪክና የነርሱ የሥዕል ታሪክ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ተገናኙ፤ ይተዋወቁ አይተዋወቁ ግን የነገረን የለም።

በአገር ቤት ግን ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም። በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተከታታይ ክፍሎች፤ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍሎች፤ እየተሣለ ይሸጥ ጀመር። ከሠዓሊዎቹም አንዱ በላቸው ይመር ነበር። ሕዝቡን ከሚገዛው ዘንዶ ይጀምራል፤ ዘንዶው በተመረዘ ፍየል ይሞታል፤ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፤ ሰሎሞን በጨው በበዛበት ምግብ ያስጠማታል፤ ምኒልክ ይወለዳል፤ ጽላቱ ይመጣል። በየክፍሉ ግርጌ አማርኛ ተጽፎበታል። ከዚህ ወዲያ ምን ኮሚክ ይፈለጋል? ሆኖም ገዢው በብዛት የውጭ አገር ሰው ስለ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሥዕል በአውሮፓ ሙዚየሞች የሚያየው ሰው ከኛ ተማሪ ቤት ልጆች ይልቅ ይበዛል። የውጭዎቹም ሠዓሊዎች ከአገራችን ታሪክ ወስደዋል። ስመ ጥሩው ኢጣልያዊ የኮሚክ ሠዓሊ ሁጎ ፕራት በልጅነቱ፤ በወረራው ዘመን፤ አባቱ ከኢጣልያ ጦር ጋር ስለ ነበረ በአገራችን ኖሯል፤ በኋላም ኢትዮጵያን በሥራዎቹ ውስጥ አስገብቷታል። በባዕድ ዐይን ቢሆንም መልካም እጅ ነበረው።

እነሆ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ይዞት የመጣው መጽሐፍ «ጀምበር» ይባላል። በብሥራት ደበበ የተመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው ነው፤ ቀጥሎም «ሃዊ» የምትባል ባለ ታሪክ ያላት ሌላ መጽሐፍ ወጥቷል። የ«ጀምበር» ባለ ታሪክ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ከሰው ኃይል የበለጠ ኃይል ያገኛል። እኛም ተራችንን ጠብቀን፤ በሰባተኛ ቍጥር ተመዝግበን፤ አነበብነው። ስለ አቀራረቡ ከፈረንጆቹ የወሰደው ብዙ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የአገራችን ልጅ በገዛ ከተማው መንገድ ላይ ሲበርር በገዛ ቋንቋው ማንበብ የሚሰጠው ስሜት፤ ጎንደሬው ሠዓሊ የወንጌሉን ሰዎች ሸማ ባለበሳቸው ጊዜ ሕዝቡ ከተሰማው ብዙ የራቀ አይመስለንም።

በለንደን ያሉት ብራናዎች፤ ዛሬ ቤታቸው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ለሕዝብ በኤግዚቢሽን ታይተው ነበር፤ በዚያው ሰሞንም ብዙዎቹ በፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት መታየት ጀመሩ። ለንደን ላልሄደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተሮች በወንበዴዎች ተጠቁና ገጾቹ ለብዙ ጊዜ ተዘጉ። የመቅደላ መጻሕፍት ሁለት ጊዜ ተዘረፉ ብንል ማጋነን ይሆን ይሆናል፤ አንባቢ ግን ሁለት ጊዜ አጥቶአቸዋል።

እኛ ግን ከመዘጋቱ በፊት ጥቂት ገጾችን በስልካችን ቀድተን ነበር። ለመስቀል በዓል ወደ መካነ ሰላም በሄድን ጊዜ ፊደል ያስቈጠሩንን የኔታን ለመጠየቅ ገባን። ዐይናቸው ደክሟል፤ ስልኩን አስጠግተን ከአንድ ተአምረ ማርያም የተወሰደውን ሥዕል አሳየናቸው። ገና የመጀመሪያውን ክፍል እንዳዩ፤ «በላዔ ሰብእ!» አሉ። ወደ ሁለተኛው ከማለፋችን በፊትም፤ «አሁን ለማኙ ይመጣል፤ ከዚያ ውኃው፤ ከዚያ ሚዛኑ» ብለው በጣታቸው ቈጠሩልን። ሁሉም እንዳሉት ሆነ።

«ይህ መጽሐፍ የት ነው ያለው፤ ልጄ?» አሉን።

«ለንደን ነው፤ የኔታ። ከመቅደላ የሄደ ነው» አልናቸው።

«እዚያ ማን ያነበዋል?»

ሊቃውንት እየመጡ ያጠኑታል ብለን ብንመልስ፤ «ማጥናቱንስ ያጥኑት፤ ለኪዳነ ምሕረት የሚያነበው ሰው አለወይ ነው የምልህ» አሉ። መልስ አልነበረንም። በዚህ መካከል የጐረቤት ልጆች ስልክ መኖሩን ሰምተው በበሩ ገብተው ኖሮ፤ አንዱ በትከሻችን ላይ ተንጠልጥሎ «ይህ ሰውዬ ምን እየበላ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የኔታም ከመጀመሪያው ክፍል እንድንመልስላቸው አዘዙንና ታሪኩን ይነግሩት ጀመር።